የቤት ፋይበር ኢንተርኔት መሣሪያ በምን ዓይነት ኃይል ቢሠራ ይሻላል?

በርካታ ቤተሰቦች የፋይበር ኢንተርኔት ካስገቡ በኋላ፣ በመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ዕለት ያልጠበቁት ነገር ያጋጥማቸዋል። መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፤ ቀድሞ በጨለማም ይሠራ የነበረው የቤት መደበኛ ስልክም አብሮ ድምፅ አልባ ይሆናል። መስመሩ አልተበላሸም፤ አገልግሎቱም በክፍያ ምክንያት አልተዘጋም። የጠፋው በቤት ውስጥ ለተቀመጠው አነስተኛ መሣሪያ ይደርስ የነበረው ጥቂት ዋት ኃይል ነው።

ይህን ጥቂት ኃይል በምን መንገድ ማቅረብ እንደሚቻል አስቀድሞ ማሰብ፣ ከቤት ሆኖ ለሚሠራ፣ ለሚማር፣ የመንግሥት አገልግሎት በኢንተርኔት ለሚጠይቅ እንዲሁም ለአደጋ ጊዜ ጥሪ በመደበኛ ስልክ ለሚተማመን ሰው ሁሉ ጠቃሚ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ተጠቃሚዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ይዟል።

መስመሩ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያመጣም

የቀድሞው የመዳብ ሽቦ ስልክ ከስልክ ጣቢያው ድምፅን ብቻ ሳይሆን ኃይልንም ይቀበል ነበር። ጣቢያው በባትሪ የተደገፈ 48 ቮልት በዚያው ሽቦ ስለሚልክ፣ በቤት ውስጥ መብራት ባይኖርም ስልኩ ይጠራል፣ ያነጋግራልም። የፋይበር መስመር ግን ከፀጉር ባልተናነሰ ቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን የሚያመላልስ ነው። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ብርሃኑን ወደ ኢንተርኔትና ወደ ድምፅ የሚለውጠው በቤት ውስጥ ያለው መሣሪያ፣ ማለትም በተለምዶ ሞደም በባለሙያዎች ዘንድ ደግሞ ኦኤንቲ የሚባለው ሳጥን፣ ኃይሉን ማግኘት የሚችለው ከቤቱ ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ጥሩ ጎንም አለው። በአብዛኛው የመኖሪያ ቤት ፋይበር ዝርጋታ፣ ከጣቢያው እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ የሚገኘው ማከፋፈያ ብርሃኑን በመስታወት ብቻ የሚከፋፍል በመሆኑ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ጣቢያው በራሱ ባትሪና ጄኔሬተር እስከሠራ ድረስ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢጨልምም ብርሃኑ እስከ ቤቱ ግድግዳ ይደርሳል። ሞደሙ ኃይል ካገኘ አገልግሎቱ ይቀጥላል ማለት ነው።

ይሁንና በአንዳንድ ሕንፃዎች ፋይበሩ የሚደርሰው እስከ ሕንፃው ድረስ ብቻ ሆኖ፣ ከዚያ ወደየቤቱ የሚገባው የመዳብ ሽቦ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ በሕንፃው ውስጥ የተተከለው የጋራ መሣሪያም ኃይል ይፈልጋል። የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎች መጠባበቂያ ኃይል ከመግዛታቸው በፊት፣ መስመሩ እስከ ቤታቸው ፋይበር መሆኑን ከአገልግሎት ሰጪው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

መጀመሪያ የአዳፕተሩን ጽሑፍ ማንበብ

ማንኛውም ምርጫ የሚጀምረው ከሞደሙ ጋር ከመጣው አዳፕተር ላይ ከተጻፈው መረጃ ነው። በጽሑፉ ላይ አራት ነገሮች ይታያሉ።

የመጀመሪያው ወደ አዳፕተሩ የሚገባው ኃይል ነው። ብዙዎቹ አዳፕተሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበሉ ተጽፎባቸዋል። የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት በመሆኑ፣ እንዲህ ዓይነት አዳፕተር ኃይሉ ቢዋዥቅም ይሠራል። ስለዚህ ለሞደሙ ብቻ ተብሎ ስታቢላይዘር መግዛት አብዛኛውን ጊዜ አስፈላጊ አይደለም።

ሁለተኛው ከአዳፕተሩ የሚወጣው ቮልት ነው። በአብዛኞቹ የቤት ሞደሞች 12 ቮልት ዲሲ ነው፤ 9 ወይም 5 ቮልት የሚጠቀሙም አሉ። መጠባበቂያው የሚሰጠው ቮልት ከዚህ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከፍ ካለ ሞደሙን ያቃጥላል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ሞደሙ አይነሣም ወይም እየጠፋ ይነሣል።

ሦስተኛው አምፔር ነው። እዚህ ላይ ደንቡ ይለያል፤ የመጠባበቂያው አምፔር በአዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል ወይም የበለጠ ሊሆን ይችላል። ሞደሙ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ስለሚወስድ ትርፍ አምፔር አይጎዳውም፤ ማነሱ ግን ይጎዳል።

አራተኛው የጫፉ ዓይነት ነው። ክብ ጫፎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ይምሰሉ እንጂ የውስጥ ቀዳዳቸው 2.1 ወይም 2.5 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ፖዘቲቩ በውስጠኛው በኩል ነው ወይስ በውጭኛው የሚለውን በአዳፕተሩ ላይ የተሣለው ትንሽ ምልክት ያሳያል። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተገልብጦ የተሰካ ሞደም በቅጽበት ሊበላሽ ይችላል። ወደ ሱቅ ሲኬድ አዳፕተሩን ይዞ መሄድ ከዚህ ሁሉ ስሕተት ያድናል።

ሞደሙ ብዙውን ጊዜ የአገልግሎት ሰጪው ንብረት እንደሆነ ወይም በውል የተያዘ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በተሳሳተ የኃይል ምንጭ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ውሉን መመልከት ያስፈልጋል።

ስንት ሰዓት ያቆያል? ቀላል ስሌት

መጠባበቂያ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ ቤተሰቡ ለስንት ሰዓት ኃይል ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ለዚህም ሁለት ቁጥሮች በቂ ናቸው።

አንደኛው የሞደሙ ፍጆታ ነው። ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ይገኛል። 12 ቮልትና 1.5 አምፔር የተጻፈበት አዳፕተር እስከ 18 ዋት የመስጠት አቅም አለው ማለት ነው። ሞደሙ በተለመደው ሥራ ላይ የሚወስደው ግን ከዚህ ያነሰ ነው፤ ዋይፋይ ያላቸው ብዙ የቤት ሞደሞች ከ6 እስከ 12 ዋት ባለው መካከል ይሠራሉ። ለስሌት እንዲመች 10 ዋት እንበል። በዚህ መጠን ሞደሙ ቀንና ሌሊት ቢሠራ በ30 ቀን 7.2 ኪሎዋት-ሰዓት ይፈጃል።

ሁለተኛው የባትሪው አቅም በዋት-ሰዓት ነው። በገበያ ላይ የሚሸጡ ሚኒ ዩፒኤሶችና ፓወር ባንኮች አቅማቸውን የሚገልጹት በሚሊአምፔር-ሰዓት ሲሆን፣ ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። 10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚለው ቁጥር የሚለካው በውስጥ ባለው የሊቲየም ባትሪ ቮልት፣ ማለትም በ3.7 ቮልት እንጂ በ12 ቮልት አይደለም። 10 አምፔር-ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 37 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ወደ 12 ቮልት ሲለወጥ ከሚባክነው ጋር 31 ዋት-ሰዓት ያህል ይቀራል። 10 ዋት ለሚወስድ ሞደም ይህ ወደ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሻጩ 10 አምፔር-ሰዓቱን በ12 ቮልት አባዝቶ 12 ሰዓት ያቆያል ቢል ስሌቱ ትክክል አይደለም።

ባትሪ እያደር አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ከሚፈለገው ሰዓት ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል አስበልጦ መግዛት ይመከራል። ሞደሙና ራውተሩ ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች በሆኑበት ቤት ደግሞ የሁለቱም ፍጆታ ተደምሮ መታሰብ አለበት፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ኃይል ቢያገኝ ኢንተርኔቱ ወደ ቤተሰቡ ስልክና ኮምፒዩተር አይደርስም።

አማራጮቹ

*በቀጥታ ከሶኬት።* የኃይል መቋረጥ ብዙም በማያጋጥምበት አካባቢ፣ ወይም በተቋረጠ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ለሚበቃው ቤተሰብ ይህ በቂ ነው። ወጪ የሚያስፈልገው ከሆነ ኃይል ተመልሶ ሲመጣ ከሚፈጠረው ድንገተኛ ግፊት ለሚከላከል ማከፋፈያ ብቻ ነው። ሞደሙ ከኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከምጣድ ወይም ከማቀዝቀዣ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ባይሰካ ይመረጣል።

*ሚኒ ዩፒኤስ።* በሶኬቱና በሞደሙ መካከል የሚገባ፣ የመጽሐፍ ያህል መጠን ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው። 12 ቮልቱን በቀጥታ ለሞደሙ ስለሚሰጥ ብክነቱ አነስተኛ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥም ሞደሙ ሳይጠፋ ወደ ባትሪ ይሸጋገራል። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ለሚቆይ መቋረጥ ለአብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚስማማው ይህ ነው። ሲገዛ የሚወጣው ቮልት የማይዋዥቅ መሆኑን፣ አምፔሩ ለሞደሙ የሚበቃ መሆኑንና እየተሞላ ሳለ ኃይል መስጠት የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

*የኮምፒዩተር ዩፒኤስ።* በቤት ውስጥ አስቀድሞ ካለ ሊያገለግል ይችላል፤ ለሞደም ብቻ ተብሎ መግዛት ግን ብዙ አያዋጣም። በአነስተኛዎቹ ውስጥ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት ነው። ነገር ግን የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት ከፍ አድርጎ፣ አዳፕተሩ ደግሞ መልሶ ወደ 12 ቮልት ስለሚያወርደው ብዙ ኃይል በመንገድ ይባክናል። ዩፒኤሱ ራሱ ለሥራው የሚወስደው ኃይል ከሞደሙ ፍጆታ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። አንዳንዶቹ ደግሞ የተሰካባቸው ዕቃ በጣም ትንሽ ኃይል ሲወስድ ምንም እንዳልተሰካ ቆጥረው ይጠፋሉ። የዚህ ዓይነቱ ባትሪ እስከ መጨረሻው በተደጋጋሚ ከተሟጠጠም ዕድሜው ያጥራል።

*ፓወር ባንክ።* 5 ቮልትን ወደ 12 ቮልት በሚያሳድግ ገመድ ሞደም ማሠራት ይቻላል። ይሁንና 5 ቮልትና 2 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ባንክ አቅሙ 10 ዋት ብቻ በመሆኑ፣ ከብክነቱ ጋር ለብዙ ሞደሞች አይበቃም። ብዙዎቹ እየተሞሉ ኃይል መስጠት አይችሉም ወይም በሚሸጋገሩበት ቅጽበት ይቋረጣሉ፤ ሞደሙም እንደ አዲስ ተነሥቶ አገልግሎት እስኪሰጥ ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል። ለጊዜያዊ ችግር ይጠቅማል፤ እንደ ቋሚ መፍትሔ ሊወሰድ ግን አይገባም።

*የፀሐይ ኃይልና ባትሪ።* መቋረጡ ረጅም በሆነበት ወይም መስመር ባልተረጋጋበት አካባቢ ተመራጭ ነው። 10 ዋት የሚወስድ ሞደም በ24 ሰዓት 240 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል። በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ በሚገኝበት ቦታ፣ ብክነቱ ተቀንሶ ወደ 70 ዋት የሚሆን ሰሌዳ ይህን ይሸፍናል። ደመና በሚበዛበት የክረምት ወራት እጥረት እንዳይፈጠር 100 ዋት ቢሆን የተሻለ ነው። ለአንድ ሙሉ ቀን የሚበቃ ባትሪ ከሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ 25 አምፔር-ሰዓት ያህል፣ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ከግማሽ በላይ መሟጠጥ ስለሌለበት 40 አምፔር-ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ሞደሙ በቀጥታ ከሰሌዳው ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም፤ 12 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው ሰሌዳ በፀሐይ ሰዓት ከ18 ቮልት በላይ ሊሰጥ ይችላል። የእርሳስ ባትሪም በሚሞላበት ጊዜ ከ14 ቮልት ስለሚያልፍ፣ በመካከሉ ቻርጅ ኮንትሮለርና 12 ቮልትን የሚያረጋጋ መቆጣጠሪያ መኖር አለበት።

*ጄኔሬተር።* ለሌላ ሥራ የተነሣ ጄኔሬተር ሞደሙንም ሊያሠራ ይችላል፤ ለ10 ዋት ብቻ ቤንዚን ማቃጠል ግን ብክነት ነው። ከሁሉ በላይ ጭሱ እንደ ከሰል ጭስ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስላለው፣ በቤት፣ በበረንዳ ወይም በመስኮት አጠገብ መነሣት የለበትም።

ለደኅንነት መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

የሊቲየም ባትሪ ያለው መሣሪያ አየር በሚያገኝበት ጠንካራ ቦታ ላይ እንጂ በፍራሽ፣ በሶፋ ወይም በመጋረጃ ሥር መቀመጥ የለበትም። ያበጠ፣ ከልክ በላይ የሚግል ወይም የሚሸት ባትሪ ወዲያውኑ ከሶኬት ተነቅሎ ከአገልግሎት ውጭ መሆን አለበት፤ መበሳትም ሆነ ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል አደገኛ ነው። ትልቅ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ በመኝታ ክፍል ውስጥ አይሞላም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ተስማሚ ፊውዝ ማስገባት፣ ሽቦዎች ቢነካኩ ከሚነሣ እሳት ይከላከላል።

መብረቅ በሚበዛበት ወቅት አዳፕተሩን ከሶኬት መንቀል ተገቢ ነው። የመስታወቱ ክር የመብረቅን ኃይል ባያስተላልፍም፣ በኤሌክትሪክ መስመሩ በኩል የሚመጣው ግፊት ሞደሙን ሊጎዳ ይችላል። ሞደሙ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር የፋይበሩ ገመድ መታጠፍ የለበትም፤ የተነቀለ የፋይበር ጫፍንም በዓይን አቅርቦ ማየት አይገባም፤ በውስጡ የሚያልፈው የሌዘር ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል።

የቱ ጋር እንደተበላሸ መለየት

መጠባበቂያ ኃይል እያለ ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ የሞደሙ መብራቶች ምክንያቱን ይጠቁማሉ። “ፓወር” የሚለው መብራት ከጠፋ ችግሩ በቤቱ የኃይል አቅርቦት ላይ ነው። “ፓወር” በርቶ “ሎስ” የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ግን ብርሃኑ ወደ ቤቱ እየደረሰ አይደለም፤ ባትሪ መቀየርም ሆነ ሞደሙን ደጋግሞ ማጥፋት አይፈውሰውም። በዚህ ጊዜ ለአገልግሎት ሰጪው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 መደወል ይችላሉ። የኤሌክትሪክ መቋረጥ የሚመዘገበው ደግሞ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል በ905 ነው።

ለአደጋ ጊዜ በአንድ መስመር ብቻ አለመተማመን

መደበኛ ስልካቸው ከሞደሙ ጋር የተገናኘ ቤተሰቦች፣ ሞደሙ ሲጠፋ ስልኩም እንደሚጠፋ ለቤቱ ሰው ሁሉ ማስረዳት ይኖርባቸዋል። ይህ በተለይ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያንና ሕመምተኛ ላለበት ቤት ክብደት አለው። ለረጅም ዓመታት መብራት ቢጠፋም ስልኩ እንደሚሠራ የለመደ አረጋዊ፣ በጨለማ ስልኩን አንሥቶ ድምፅ ሲያጣ የሚያደርገው ሊጠፋው ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት ከሞደሙ መጠባበቂያ በተጨማሪ ሁልጊዜ የተሞላ የሞባይል ስልክ በሚታወቅ ቦታ መቀመጥ አለበት። ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ ለእሳት አደጋ 939 የሚሉት ቁጥሮችም ከጎኑ በጉልህ ተጽፈው ቢለጠፉ መልካም ነው።

ከተገዛ በኋላ መፈተን

መጠባበቂያው ተገዝቶ ከተሰካ በኋላ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ አያስፈልግም። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ከሶኬት ነቅሎ፣ ሞደሙ ሳይጠፋ መሸጋገሩን፣ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይና መደበኛ ስልኩ መሥራቱን ማየት ይቻላል። ውጤቱን ከቀኑ ጋር በመጠባበቂያው ላይ ጽፎ መለጠፍና በየሦስት ወሩ መድገም የባትሪውን መዳከም አስቀድሞ ያሳያል። የግዢ ደረሰኝና የዋስትና ወረቀትም አብረው መቀመጥ አለባቸው፤ በመጀመሪያው ፈተና የተነገረውን ያህል ያልቆየ ዕቃ በጊዜው ለሻጩ መመለስ የሚቻለው ማስረጃ ሲኖር ነው።

በአጭሩ፣ መቋረጥ ለማይበዛበት ቤት ከግፊት የሚከላከል ማከፋፈያ፣ ለጥቂት ሰዓታት መቋረጥ ቮልቱና አምፔሩ የተመሳከረ ሚኒ ዩፒኤስ፣ ለረጅም መቋረጥ ደግሞ በሚገባ የተሰላ የፀሐይ ኃይልና ባትሪ ይመከራል። የትኛውም ቢመረጥ ቮልቱን፣ አምፔሩን፣ ጫፉንና ዋት-ሰዓቱን ከክፍያ በፊት ማመሳከር ሞደሙንም ሆነ የቤተሰቡን ገንዘብ ከጉዳት ያድናል።